ነስርና ተቅማጥ በአንድ ሕመምተኛ ላይ፦ «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚለው መልስ ሲመረመር

ትኩሳት የያዘው ሰው በአዲስ አበባ ወደ አንድ ክሊኒክ ገብቶ ደሙን ሲሰጥ ከሚያገኛቸው መልሶች እጅግ የተለመደው «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» የሚለው ነው። ሁለት የተለያዩ በሽታዎች፣ በሁለት የተለያዩ ተሕዋስያን የሚመጡና በሁለት የተለያዩ መንገዶች የሚተላለፉ ሆነው ሳለ፣ በአንድ ትንፋሽ ተጠርተው እንደ አንድ ሕመም ይቆጠራሉ። ሕዝቡም ስሙን ለምዶት «ታይፎይዴ ተነሣብኝ» እያለ ወደ ሐኪም ይመጣል። ባለሙያውም ስሙን ከሕመምተኛው አፍ ተቀብሎ መልሶ በካርዱ ላይ ይጽፈዋል።

ይህ ልማድ በአብዛኛው ጉዳቱ ጎልቶ አይታይም። ትኩሳቱ ቀላል ሆኖ በራሱ ሲበርድ ምርመራውም ሕክምናውም ትክክል የነበረ ይመስላል። ጉዳቱ የሚገለጠው ሕመምተኛው ከትኩሳቱ ጋር ሌላ ነገር ይዞ ሲመጣ ነው። ከእነዚህ መካከል ነስርና ተቅማጥ በአንድ ጊዜ መታየታቸው ልዩ ትኩረት ይሻል፤ ሁለቱም በየዕለቱ የሚታዩ፣ ለየብቻቸው ሲሆኑ ብዙ የማያሳስቡ ምልክቶች ሲሆኑ፣ አብረው ሲመጡ ግን ደም የማርጋት ኃይል መድከሙን ሊጠቁሙ ይችላሉ። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሂስ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ በአንዲት የዊዳል ጠብታ ነገሩን የመዝጋትን ልማድ የሚመለከት ነው።

ቂርቆስ ክፍለ ከተማና ካዛንችስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። በአንድ በኩል የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጽሕፈት ቤትና ትላልቅ ሆቴሎች፣ በሌላ በኩል በአነስተኛ የኪራይ ክፍል ተደራርበው የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች በአንድ ሠፈር ይገኛሉ። የቀድሞው የባቡር ጣቢያ ለገሃርና የረዥም ርቀት አውቶቡሶች ሲነሡበት የኖረው መስቀል አደባባይም ከዚያው አይርቁም። በመሆኑም በዚህ አካባቢ በተረኛ ሐኪም ፊት የሚቀመጠው ሕመምተኛ የድሬዳዋን፣ የሁመራን፣ የጂንካን ወይም የጎጃምን በሽታ ይዞ የመጣ ሊሆን ይችላል። «የአዲስ አበባ በሽታ ይህ ነው» ብሎ አስቀድሞ መወሰን አያዋጣም።

ሁለቱ ምልክቶች የሚገናኙባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ አጋጣሚ ነው። አብዛኛው ነስር የሚነሣው በሁለቱ አፍንጫ መካከል ካለው ግድግዳ የፊተኛው ክፍል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ከተሰባሰቡበት ቦታ ነው። በበጋ ወራት የአየሩ መድረቅና አቧራው ይህን ሥሥ አካል ያደርቁታል፤ ጉንፋንና በጣት መነካካትም ያቆስሉታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ነባሩ የካዛንችስ ሠፈር ለኮሪደር ልማት በፈረሰበት ጊዜ እንደነበረው ያለ የፍርስራሽ አቧራም አፍንጫን ያስቆጣል። በዚሁ ሰሞን ያልተጣራ ውኃ ጠጥቶ ተቅማጥ የያዘው ሰው ሁለት የማይገናኙ ሕመሞች ተገጣጥመውበት ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ከሌለው፣ ቆዳው ንጹሕ ከሆነ፣ ነስሩም አፍንጫውን ቆንጥጠው ሲይዙት የሚቆም ከሆነ ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

ሁለተኛው መንገድ የተዋጠ ደም ነው። ከአፍንጫ የኋለኛው ክፍል የሚፈስ ደም ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፤ በሆድ ውስጥ ያለ ደም ደግሞ አንጀትን ያነሣሣል፤ ሰገራው ጥቁር፣ የሚጣበቅና ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ሕመምተኛው ይህን «ተቅማጥ» ይለዋል። በየቤቱ የሚነስረውን ሰው «ቀና በል» ብሎ አንገቱን ወደ ኋላ ማስደገፍና በራሱ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ የተለመደ መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል። ትክክለኛው መንገድ ተቀምጦ ወደ ፊት ዘንበል ማለት፣ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ሳይለቁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆንጥጦ መያዝና ወደ አፍ የመጣውን ደም መትፋት ነው። ስለዚህ የሰገራው ቀለም ሳይጠየቅ «ተቅማጥ» የሚል ቃል በካርድ ላይ መጻፍ የለበትም።

ሦስተኛው መንገድ አደገኛው ነው፤ አንድ በሽታ ሁለቱንም ሲያመጣ ማለት ነው። የፕላትሌት ቁጥር ሲወርድ፣ ጉበት ደም የሚያረጉትን ንጥረ ነገሮች መሥራት ሲያቅተው፣ መቅኔ ሲጠቃ ወይም ጣፊያ ሲያብጥ አፍንጫ ቀድሞ ከሚደሙት አካላት አንዱ ነው። አራተኛው መንገድ ደግሞ መድኃኒት ነው። እነዚህ ሁለቱ መንገዶች ከዚህ በታች በዝርዝር ይታያሉ።

ዊዳል የሚለውና የማይለው

የዊዳል ምርመራ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ዘዴውን ካስተዋወቀው ፈረንሳዊ ሐኪም ከፌርናን ዊዳል ነው። የዌይል-ፊሊክስ ምርመራ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ይፋ ሆነ። ሁለቱም በዘመናቸው ታላቅ እርምጃዎች ነበሩ። ነገር ግን ሁለቱም ተሕዋስያኑን ራሳቸውን አያሳዩም፤ የሚያሳዩት በደም ውስጥ የሚገኘውን የፀረ እንግዳ አካል ምላሽ ነው። ይህ ምላሽ ከዓመታት በፊት ካለፈ ሕመም፣ ከክትባት፣ ከሌሎች የሳልሞኔላ ዝርያዎች ወይም ከወባ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዌይል-ፊሊክስ ደግሞ የሚጠቀመው የፕሮቴየስን ባክቴሪያ እንጂ የታይፈስን ተሕዋስ ባለመሆኑ፣ በፕሮቴየስ የመጣ የሽንት ቧንቧ ሕመም ያለበት ሰው «ታይፈስ አለብህ» ሊባል ይችላል።

ይህ ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ መሆኑን በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ያሳያል። የታይፎይድ ዓይነት ምልክት ከነበራቸው 270 ትኩሳታም ሕሙማን መካከል በዊዳል ምርመራ የቅርብ ጊዜ ሕመም የሚያመለክት ውጤት የታየባቸው 88 ነበሩ። በደም ካልቸር የታይፎይድ ባክቴሪያ የተገኘባቸው ግን 7 ብቻ ሲሆኑ ከእነዚህም ዊዳል የለየው 5ቱን ነው። በሌላ አነጋገር ዊዳል «አለ» ካላቸው 100 ሰዎች መካከል ካልቸር የደገፈው ስድስት ለማይሞሉት ነው። እርግጥ ካልቸርም ፍጹም አይደለም፤ በተለይም ሕመምተኛው አስቀድሞ ፀረ ባክቴሪያ ከወሰደ ከእውነተኞቹ የታይፎይድ ሕሙማን ብዙዎቹን ያመልጠዋል። ይሁን እንጂ ያመለጡት በእጥፍ ቢቆጠሩ እንኳ መደምደሚያው አይለወጥም። ከዚሁ ጥናት የሚገኘው ሌላው ትምህርት ዊዳል «የለም» ሲል ከሞላ ጎደል ሊታመን የሚችል መሆኑ ነው። በየክሊኒኩ ግን ተቃራኒው ይደረጋል፤ «የለም» ሲል ይጠረጠራል፣ «አለ» ሲል ይታመናል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ታይፎይድ ራሱ ነስርም ተቅማጥም ሊያመጣ ይችላል። የቆዩ የሕክምና መጻሕፍት ነስርን በመጀመሪያው ሳምንት ከሚታዩ ምልክቶች ይቆጥሩታል፤ ተቅማጥም፣ የሆድ ድርቀትም ይታያል፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ አንጀት ሊደማ ወይም ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ ታይፎይድን ከዝርዝሩ የሚያወጣ ባለሙያ ይሳሳታል። ሂሱ የሚያነጣጥረው ዝርዝሩን በታይፎይድ ጀምሮ በታይፎይድ በሚጨርሰው ላይ ነው።

የተረሳው ተጠርጣሪ

ትኩሳት ግርሻ በልብስ ቅማል የሚተላለፍ፣ ቦሬሊያ ሪከረንቲስ በተባለ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። ከዓለም አገሮች መካከል በሽታው ሳይቋረጥ ከቆየባቸው ጥቂቶች ዋነኛዋ ኢትዮጵያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 ብራይሰን፣ ፓሪ፣ ዋረልና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ 62 ሕሙማንን መርምረው ያሳተሙት ጽሑፍ እስከ ዛሬ የበሽታው መሠረታዊ ማጣቀሻ ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ወደ አውሮፓ በተሰደዱ ወጣቶች ላይ በሽታው ሲታይ የጣሊያንና የጀርመን ሐኪሞች የተማሩት ከዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ነው።

በሽታው በድንገተኛ ትኩሳት፣ በብርቱ ራስ ምታትና በቁርጥማት ይጀምራል፤ ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ፣ ሲነኳቸውም ያማሉ፤ የዓይን ቢጫነት ይታያል። ፕላትሌት በእጅጉ ስለሚወርድና ጉበት ስለሚጎዳ ነስር ከታወቁት ምልክቶቹ አንዱ ነው፤ በቆዳና በዓይን ላይም የደም ነጠብጣብ ይወጣል። በአንዳንዶቹ ላይ ትውከትና ተቅማጥ ይጨመራል። ሳይታከም ከተያዙት ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል፤ ሲታከም ግን የሞቱ መጠን ከ2 እስከ 5 በመቶ ይወርዳል።

አሁን በአንዲት ጠባብ ክፍል ከሌሎች ጋር የሚያድር አንድ የቀን ሠራተኛ በክረምት ወራት በትኩሳት፣ በነስርና በተቅማጥ መጣ እንበል። ዊዳሉም ዌይል-ፊሊክሱም «አለ» አሉ፤ በትኩሳት ግርሻ ሕሙማን ደም ውስጥ ከፕሮቴየስ ዝርያዎች አንዱ ከሆነው ኦኤክስኬ ጋር የሚጋጭ ምላሽ እንደሚፈጠር ደግሞ ከጥንት ይታወቃል። ለታይፎይድ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ለታይፈስ ዶክሲሳይክሊን ታዘዘለትና ወደ ቤቱ ተሸኘ። ዶክሲሳይክሊን ቦሬሊያንም ስለሚገድል ሕመምተኛው ሊድን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ስሕተቱ በፈውስ ይሸለማል፤ ባለሙያው ታይፎይድና ታይፈስን እንዳዳነ ያምናል፤ በክፍሉ የቀሩት ሰዎች ልብስ ሳይቀቀል፣ ቅማሉ ሳይጠፋ፣ በሽታው ሪፖርት ሳይደረግ ይቀራል። በሚቀጥለው ሳምንት የክፍል ጓደኛው ይመጣል፤ እርሱም «ታይፎይድና ታይፈስ» ይባላል።

የከፋው ግን ሌላ ነው። ቦሬሊያን የሚገድል መድኃኒት በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለት፣ የትኩሳት መናርና ከዚያም የደም ግፊት መውረድ ይከተላል፤ ይህም የያሪሽ-ሄርክስሃይመር ምላሽ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ባካሄዱት ጥናት፣ በፔኒሲሊን ሲታከሙ የመከላከያ መድኃኒት ካልተጨመረላቸው 29 ሕሙማን መካከል 26ቱ ይህ ምላሽ ታይቶባቸዋል። በሽታው ታውቆ በአልጋ ላይ ሲታከም ሕመምተኛው በፈሳሽና በቅርብ ክትትል ይታለፍለታል። በስሕተት ስም መድኃኒቱን ተቀብሎ ወደ ኪራይ ክፍሉ የሄደው ግን ምላሹ የሚይዘው ማንም ባለሙያ በሌለበት ነው። በተቅማጥ ፈሳሽ ያጣ ሰውነት የደም ግፊት መውረድን የሚቋቋምበት አቅም እንደሌለው መገመት አያዳግትም።

ይህን ሁሉ ለመለየት የሚያስፈልገው መሣሪያ በየጤና ጣቢያው ይገኛል። ለወባ ተብሎ የሚሠራው፣ በተለምዶ «ብለድ ፊልም» የሚባለው የደም ስላይድ ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት ከተወሰደ ቦሬሊያንም ያሳያል። የወባ ተሐዋሲም፣ የደም ካንሰር ሕዋሳትም፣ የፕላትሌት ማነስም በዚያው ስላይድ ላይ ሊታዩ ይችላሉ። ዊዳል ሰውነት ትናንት ያየውን ሲናገር የደም ስላይድ ዛሬ በደሙ ውስጥ ያለውን ያሳያል። የላቦራቶሪ ባለሙያው ግን የሚፈልገውን ሊያውቅ ይገባል፤ በመጠየቂያው ላይ «ወባ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ጠመዝማዛው ተሕዋስ በዓይኑ ሥር ሊያልፍ ይችላል።

ከየት መጣህ?

ሁለተኛው ቸል የሚባል መሣሪያ ጥያቄ ነው። ለረዥም ሳምንታት የቆየ ትኩሳት፣ ክሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ ነስርና ተቅማጥ ያለበት ሰው ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሁመራ ወይም ወደ መተማ ወርዶ ከነበረ ካላዛር መታሰብ አለበት። በሽታው መቅኔንና ጣፊያን ስለሚያጠቃ ሦስቱም የደም ሕዋሳት ይቀንሳሉ፤ ኤች አይ ቪ አብሮ ሲኖር ደግሞ ይከፋል። በሽታው ከቆላ ውጭም ሊታይ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም የተረጋገጠው ወረርሽኝ አስተምሯል፤ በዚያም ነገሩ በመጀመሪያ መድኃኒት የተለማመደ ወባ ተደርጎ ተገምቶ ነበር። የታወቀ ስም ያልታወቀ በሽታን ሲሸፍን ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ከድሬዳዋ፣ ከሶማሌ ወይም ከአፋር በቅርቡ የመጣ ሰው ብርቱ ትኩሳት፣ ከዓይን ኋላ የሚሰማ ሕመምና ነስር ካለው የደንጊ ትኩሳት ይጠረጠራል። በሽታው በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በአፋር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። ቢጫ ወባም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ 30,000 ያህል ሰዎችን እንደገደለ የሚገመት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በወላይታ ዳግም ተከስቷል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ደግሞ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በጂንካ ከተማ ተረጋገጠ። ማርበርግ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከታይፎይድና ከወባ በምልክት አይለይም፤ ተቅማጡ ብዙ ነው፤ መድማቱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ በአንዳንዱም ላይ ከነጭራሹ አይታይም። በሽታው የሚተላለፈው በደምና በሰውነት ፈሳሽ ስለሆነ ቀድሞ የሚጋለጠው ጓንት ሳያደርግ ደም የሚቀዳው ባለሙያ ነው። በመሆኑም «ከየት መጣህ? በሦስት ሳምንት ውስጥ የታመመ ሰው አስታመህ ወይም ቀብረህ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከመርፌው መቅደም አለበት። ይህ ሲባል የሚነስረው ሁሉ ይፈራ ማለት አይደለም፤ ጥያቄው ገንዘብም ጊዜም የማይጠይቅ መሆኑን ለማሳሰብ ነው።

ሕክምናው ራሱ ሲያደማ

«ታይፎይድ» የሚለው ስም የሚያስከትለው መድኃኒት ለነስርም ለተቅማጥም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ለታይፎይድ ለብዙ ዓመታት ሲታዘዝ የኖረው ክሎራምፌኒኮል መቅኔን ሊያዳክም ይችላል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሴፍትሪያክሶን በአንጀት የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች አዛብተው ተቅማጥ ያመጣሉ። ለትኩሳትና ለቁርጥማት በጡንቻ የሚወጋው ዲክሎፌናክ የፕላትሌትን ሥራ ያውካል፤ ፕላትሌቱ አስቀድሞ በወረደ ሰው ላይ ደግሞ በመርፌው ቦታ ደም ያቋጥራል።

በተለይ ሊታወሱ የሚገባቸው በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተገጥሞላቸው ዋርፋሪን የሚወስዱ ወጣቶች ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው ተቅማጥ ሲይዘው ምግቡ ይቀንሳል፤ ከምግብ የሚያገኘው ቫይታሚን ኬም ይቀንሳል። በዚህ ላይ ሜትሮኒዳዞል ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ሲጨመር የዋርፋሪን ኃይል ይበረታል። ከቀናት በኋላ በነስር ይመለሳል። የምልክቶቹ ቅደም ተከተል እዚህ ላይ ምርመራ ነው፤ ተቅማጡ ቀድሞ፣ መድኃኒቱ ቀጥሎ፣ ነስሩ በመጨረሻ ከመጣ ምክንያቱ በሕመምተኛው ኪስ ውስጥ ባለው ፌስታል ሊገኝ ይችላል።

ለልማዱ የሚቀርቡ ምክንያቶች

ልማዱ የሚቀጥልባቸው ምክንያቶች አሉ፤ ሊናቁም አይገባም። ካልቸር በጥቂት ቦታዎች ብቻ ይገኛል፤ ውጤቱም ቀናት ይፈጃል። ዊዳል ርካሽ ነው፤ በደቂቃዎች ይደርሳል። ሕመምተኛው ራሱ «ታይፎይድ ታይልኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ ስም ሳይሰጠው የተሸኘ ሰው ያልታከመ ይመስለዋል። በብዙ የላቦራቶሪ መጠየቂያ ወረቀቶች ላይ ሁለቱ ምርመራዎች ጎን ለጎን ታትመው ይገኛሉ፤ እጅም ወደ ለመደው ሣጥን ይሄዳል። ለአነስተኛ ክሊኒክ ደግሞ የምርመራው ገቢ ትንሽ አይደለም።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም የደም ስላይድን አይከለክልም። ስላይዱም ርካሽ ነው፤ ውጤቱም በዚያው ዕለት ይደርሳል። የፕላትሌት ቁጥርን የሚያሳየው ጠቅላላ የደም ቆጠራም ዛሬ በከተማይቱ በአብዛኞቹ ክሊኒኮች ይሠራል። ሕመምተኛው የሚፈልገውን ስም በተመለከተ «ደምህ ገና እየተመረመረ ነው፤ ነገ ተመለስ» የሚል መልስ ከሐሰተኛ ስም የበለጠ አክብሮት ያዘለ ነው።

ማጠቃለያ

ትኩሳት፣ ነስርና ተቅማጥ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ባለሙያው አስቀድሞ አምስት ነገሮችን ቢያደርግ ብዙውን አደጋ ይቀንሳል። የደም ግፊቱንና የፈሳሽ እጥረቱን ይለካ፤ ሌላ የሚደማ ቦታ እንዳለ በድድ፣ በዓይን፣ በቆዳና በሰገራ ይመልከት፤ ጣፊያውንና ጉበቱን በእጁ ይዳስስ፤ የመጣበትን ቦታ፣ የሚያድርበትን ሁኔታና የወሰደውን መድኃኒት ይጠይቅ፤ የደም ቆጠራና የደም ስላይድ ይዘዝ። የፕላትሌቱ ቁጥር እስኪታወቅ አስፒሪንም ዲክሎፌናክም አይስጥ። ትኩሳት ግርሻ ከተገኘ ሕመምተኛው ተኝቶ ይታከም፤ አብረውት የሚያድሩት ይታዩ፤ በየሳምንቱ በሚላከው የበሽታዎች ቅኝት ሪፖርትም ይካተት። የደም መፍሰስ የሚያስከትል የቫይረስ ትኩሳት ከተጠረጠረ ደግሞ ሕመምተኛው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሪፖርቱም ለሳምንቱ መጨረሻ ሳይቆይ ወዲያውኑ ይተላለፍ።

«ታይፎይድና ታይፈስ» የሚለው መልስ የሚጎዳው አልፎ አልፎ ስሕተት በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ትክክል በሚመስልበት ጊዜ ሁሉ ቀጣዩን ጥያቄ ስለሚያስቀር ነው። አፍንጫው እየደማ የመጣ ሕመምተኛ ሌላ ምርመራ እንዲደረግለት እየጠየቀ ነው። የደም ስላይዱ መሠራት ያለበት መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ ከመጀመሪያው መጠን በኋላ ቦሬሊያ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከደሙ ይጠፋልና።